ቀሚስ ወይስ ስክራብ? በራችን ላይ የተጀመረ ክርክር

ማታ ማታ የባጃጅ ድምፅ በራችን ላይ ሲቆም የልጅ ልጄ የያዘችውን ሁሉ ጥላ ትሮጣለች። አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ እዚህ መቀሌ በአንድ ሆስፒታል ነርስ ናት። ባለፈው ሳምንት ሕፃኗ እንደ ልማዷ ሮጣ እናቷ ላይ ልትጠመጠም ስትል ከተቀመጥኩበት "ቆይ! መጀመሪያ ልብሷን ትቀይር!" ብዬ ጮህኩ። ልጅቷ ደንግጣ ቆመች። እናቷ ሰማያዊ ስክራቧን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማ ሳቀች።

"ማማ፣ ይሄ እኮ ያንቺ ዘመን ቀሚስ አይደለም። ስክራብ ነው" አለችኝ።

"ስክራብ ስለሆነ ጀርም ይፈራዋል?" አልኳት።

እራት ቀርቦ ክርክሩ ቀጠለ። እሷ ስክራቧን ታሞግሳለች፣ እኔ ነጭ ቀሚሴን። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "እውነቱን ንገሪኝ፣ ያን ቀሚስ ትወጂው ነበር ወይስ የሚሰጥሽን ክብር ነው የምትወጂው?" ቶሎ ብዬ "ቀሚሱን ነው እንጂ!" አልኳት። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በለበስኩት ልብስ ላይ ቁጭ ብዬ አስቤ እንደማላውቅ ገባኝ። ጉዳዩ የነርሶች ብቻ አይደለም፤ በየቤታችሁ ነርስ፣ ሐኪም፣ አዋላጅ ወይም የላቦራቶሪ ሠራተኛ የሆነ ልጅ ወይም ምራት ያላችሁ ብዙ ናችሁና ያሰብኩትን ላካፍላችሁ።

በስታርች የደረቀው ቀሚስ

በነርስነት ዲፕሎማ የተመረቅኩት በ1973 ዓ.ም. ነው። የደንብ ልብሳችን ነጭ የቴትሮን ቀሚስ ነበር። ከጉልበት በታች ይወርዳል፣ ከፊት በቁልፍ ይዘጋል፣ ወገቡ ላይ ቀበቶ አለው። ጭንቅላት ላይ በፒን የሚያዝ ነጭ ቆብ፣ እግር ላይ ነጭ ጫማ፣ ደረት ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ሰዓት። ለማግስቱ ተረኛ የሆነች ነርስ ማታውን ቀሚሷን ስታርች ነክራ፣ የከሰል ካውያዋን ደጅ አውጥታ አመዱን አራግፋ ነበር የምትተኩሰው። አንዲት የከሰል ብናኝ ብታርፍበት ልፋቷ ሁሉ ከንቱ ነው፤ እንደገና ማጠብ ነው።

ጠዋት ሜትሮናችን በር ላይ ቆማ ትመለከተናለች። ጥፍር፣ ጸጉር፣ የቀሚስ ጠርዝ፣ ጫማ። ቀበቶዋ የተጣመመባት ነርስ ተመልሳ አስተካክላ ትመጣለች። ያኔ ይከፋን ነበር። ኋላ ግን ብዙዎቻችን ያ ፍተሻ ራሳችንን እንድንጠብቅ እንዳስተማረን አምነናል።

የዚህ አለባበስ መነሻው ሩቅ ነው። በአውሮፓ ድሮ ሕመምተኞችን ያስታምሙ ከነበሩት ውስጥ ብዙዎቹ መነኮሳት ነበሩ። የነርስ ቆብ የመጣው ከእነሱ የራስ መሸፈኛ ነው፤ እኛም ዛሬ ድረስ "ሲስተር" የምንባለው በዚሁ ምክንያት ነው። በክሪሚያ ጦርነት ቁስለኞችን ያስታመመችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን ውስጥ የነርስ ትምህርት ቤት ስትከፍት፣ ሥርዓት ያለው የደንብ ልብስ የሙያው ምልክት ሆነ። የዳግማዊ ምኒልክ አገር ነርሶችም ልብሱን የወረስነው ከዚያው ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት የተማረችው በዚያ የደንብ ልብስ ነበር። ልዕልቷ ወደ አገሯ ተመልሳ ብዙ ሳትቆይ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ውስጥ አረፈች፤ በስሟም አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራ። የንጉሥ ልጅ የለበሰችው የነርስ ልብስ በአገራችን ሙያውን ከፍ አድርጎታል ብዬ አምናለሁ።

ክብሩ እውነት ነበር። በነጭ ቀሚስ በቀዳማይ ወያነ ገበያ በኩል ሳልፍ ሽማግሌዎች ከተቀመጡበት ብድግ ይሉልኝ ነበር። እናቴ፣ አደይ፣ ማንበብና መጻፍ የማትችል ሴት ነበረች። ቀሚሴ በገመድ ላይ ሲሰጣ ጎረቤት እንዲያየው ብላ ከጓሮ አንስታ ወደ ደጅ ታዛውረው ነበር።

አሁን ደግሞ ለልጄ ያልነገርኳትን ልናገር። በዚያ ቀሚስ መሬት ላይ ተኝቶ የመጣን ሰው ተንበርክኮ ማንሳት መከራ ነበር። ታካሚ ከአልጋ ወደ አልጋ ስናዛውር አንድ እጃችን ታካሚውን፣ ሌላው ቀሚሳችንን ይይዝ ነበር። ላንድሮቨር ላይ መውጣት፣ ወንዶች በተኙበት ክፍል ዝቅ ብሎ ከአልጋ ሥር ነገር ማንሳት፣ ሁሉም ሐሳብ ነበረው። መቀሌ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ተረኛ ሆኖ በባዶ እግር ቀሚስ ለብሶ ማደር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። በወር አበባ ጊዜ ነጭ ለብሶ አሥራ ሁለት ሰዓት መቆም ደግሞ ሴቶች ብቻ የምናውቀው ጭንቀት ነው። ስለዚህ ጉዳይ አንዳችንም አፋችንን አውጥተን ተናግረን አናውቅም። በየኪሳችን መለዋወጫ ይዘን፣ እርስ በርስ "ኋላዬን እዪልኝ" እየተባባልን እንሠራ ነበር።

አደይ በር ላይ ያቆመችኝ ቀን

በ1976 ዓ.ም. መጨረሻ የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። ይህች ዛሬ የምትከራከረኝ ልጅ ናት። ወዲያው 1977 መጣ። የዚያን ዓመት ረሀብ የምታስታውሱ ወላጆችና አያቶች ብዙ ናችሁ። ሰዎች ከየገጠሩ እየጎረፉ መቀሌ ዙሪያ ባሉት መጠለያዎች ሰፈሩ። እኔም ከወሊድ በኋላ ሥራ እንደጀመርኩ ወደ አንዱ መጠለያ ተመደብኩ።

ከረሀቡ ጋር ሁለት በሽታዎች አብረው መጡ፤ ተስቦና ግርሻ። ግርሻ የሚባለው ትኩሳቱ ለቀናት ካንገበገበ በኋላ ተወት አድርጎ፣ ሰውዬው ዳንኩ ሲል እንደገና ስለሚገረሽበት ነው። ሁለቱንም የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። ይህ ተባይ የሚኖረው በገላ ላይ ሳይሆን በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ደም ለመምጠጥ ብቻ ወደ ገላ ይመጣና ተመልሶ ስፌቱ ውስጥ ይደበቃል። ሰው ሲያክና ሲጨፈልቀው ከውስጡ የሚወጣው ተሕዋስ በተቧጨረው ቆዳ በኩል ይገባል። ውኃ በሌለበት፣ ሰው አንድ ልብስ ለብሶ ተጠጋግቶ በሚተኛበት ቦታ እንደ እሳት ይዛመታል።

ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ በፈተናም መልሼዋለሁ። ነገር ግን ማታ ማታ ያንኑ ነጭ ቀሚስ እንደለበስኩ ቤቴ ገብቼ ሕፃኗን አቅፌ አጠባ ነበር። ነጭ ስለሆነና ስለተተኮሰ ንጹሕ መስሎኝ ነበር። አደይ ሁለት ጊዜ "ጓለይ፣ ይሄን ልብስ ደጅ አውልቂው" ብላኛለች። እኔ የዲፕሎማ ባለቤት ነኝ፣ እሷ ፊደል አልቆጠረችም። "አደይ፣ የነርስ ልብስ እኮ ነው" ብዬ አለፍኳት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አደይ በትኩሳት ወደቀች። ጭንቅላቷንና መገጣጠሚያዋን ይዛ ታቃስታለች። በአምስተኛው ቀን ተሻላት፤ እግዚአብሔር ይመስገን አልን። ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ጣላት። ያኔ ገባኝ። ያን ማታ ቀሚሴን ወደ መብራት አስጠግቼ ስፌቱን በጥፍሬ ስገልጥ በወገቡ በኩል ያገኘሁትን ነገር እስካሁን አልረሳውም። ቤታችን ንጹሕ ነበር፤ ከእኔ በቀር ከመጠለያው የሚመጣ ሰው አልነበረም።

ለግርሻ መድኃኒት አለው፤ ቴትራሳይክሊን ወይም ፔኒሲሊን። ክፋቱ መድኃኒቱ እንደተሰጠ በሰዓታት ውስጥ በሽተኛው በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ይህንንም አውቀዋለሁ፤ ሌሎች ላይ አይቼዋለሁ። በገዛ እናት ላይ ማየት ግን ሌላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እጇን ይዤ አደርኩ። ሲነጋ ላቧ ወጥቶ ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ የጠየቀችው "ሕፃኗ አላተኮሳትም አይደል?" ብላ ነበር። ሕፃኗ ደህና ነበረች።

አደይ ከአልጋ እንደተነሳች ሕግ አወጣች። በሩ ጀርባ አንድ ጋቢ ተሰቀለ። ቀሚሴን እዚያው አውልቄ፣ ጋቢውን ደርቤ፣ ታጥቤ ካልሆነ በቀር ቤት አልገባም፣ ልጅ አልነካም። ቀሚሱ በትልቅ ብረት ድስት ይቀቀላል፤ ከዚያ ስፌት ስፌቱ በጋለ ካውያ ይተኮሳል። ማንም መጽሐፍ አላነበበላትም። ቅማል ሙቀት እንደማይችል ግን ከእኔ በፊት ታውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ማንም አልታመመም። ባለፈው ሳምንት በልጅ ልጄ ላይ የጮህኩት ድምፅ እንግዲህ የእኔ ሳይሆን የአደይ ነው።

ሱሪ የለበሰችው ጓደኛዬ

በዚያው ዓመት ሱሪ ለብሰው፣ ጫፉን በካልሲ ውስጥ ከተው የሚሠሩ የውጭ አገር ነርሶች አይቼ ነበር። ከተባይ ለመጠበቅ ነው። እኔም ሱሪ ይፈቀድልን ብዬ ጠየቅኩ። ያኔ የነበረኝ የበላይ "ሴት ነርስ ቀሚስ ነው የምትለብሰው" ብሎ በአንድ ቃል ዘጋው። ለምን ብሎ መጠየቅ የሚቻልበት ዘመን አልነበረም።

በየካቲት 1981 ዓ.ም. ታጋዮች መቀሌ ሲገቡ ግን ሱሪ የለበሱ ሴት ሐኪሞችንና ነርሶችን ከተማው ሁሉ አየ። ከእነሱ አንዷ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ተመደበች። ጸጉሯ አጭር፣ እግሯ ላይ ኮንጎ ጫማ። የእኔ ታካሚዎች መጀመሪያ ወንድ ናት ሴት እያሉ ይንሾካሾኩ ነበር። አንድ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት በረንዳ ላይ ወደቀች። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ እስክንበረከክ እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ የሕፃኑን ጭንቅላት ይዛ ነበር። በነጋታው ስለ ሱሪዋ የሚንሾካሾክ አልነበረም።

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል የተመደብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ስክራብንም ለመጀመሪያ ጊዜ የለበስኩት እዚያ ነው። አረንጓዴ ሱሪና እጅጌው አጭር ሸሚዝ። ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ማደንዘዣ ሰጪውም አንድ ዓይነት። የመጀመሪያ ቀን ራሴን በመስተዋት ሳየው ፒጃማ ለብሼ ሥራ የመጣሁ መሰለኝ። በሳምንቱ ግን ሰውነቴ ዐረፈ። መጎንበስ፣ መቀመጥ፣ መሮጥ ያለ ሐሳብ ሆነ።

ስክራብ የተሠራው ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ አንድ የተረሳ ነገር አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን ቀዶ ሐኪሞች የሚሠሩት በዘወትር ልብሳቸው ላይ ሽርጥ አገልድመው ነበር። ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1867 ቁስልን ከተሕዋስያን መጠበቅ እንደሚቻል ካሳወቀ በኋላ ቀስ በቀስ ንጹሕ ነጭ ልብስ መጣ። ነጩ ደግሞ በኃይለኛ የኦፕራሲዮን መብራት ሥር ዓይን ይወጋ ጀመር። ቀይ ደም ላይ ለረጅም ጊዜ አፍጦ የቆየ ዓይን ወደ ነጭ ሲዞር አረንጓዴ ጥላ ያይበታል። ስለዚህ በ20ኛው መቶ ዘመን የቀዶ ጥገና ልብስ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ተለወጠ።

ዋናው ነገር ግን ቀለሙ አልነበረም። ስክራብ የሆስፒታሉ ንብረት ነበር። ሠራተኛው ከቤቱ በራሱ ልብስ ይመጣል፣ እዚያ ይቀይራል፣ ሲወጣ ለላውንደሪ ይጥላል። ልብሱ ከሆስፒታሉ ግቢ አይወጣም፤ ታጥቦ፣ በሙቀት ታክሞ ይመለሳል። እኔም ኦፕራሲዮን ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት በዚህ ሥርዓት ነው የኖርኩት። ቤቴ ያለው የአደይ ጋቢም ያኔ ዕረፍት አገኘ።

ዛሬ ስክራብ ከኦፕራሲዮን ክፍል ወጥቶ በየክፍሉ ተዳርሷል። አይደር ሪፈራል ሆስፒታል በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከተማችን ውስጥ የሕክምናና የነርስ ተማሪዎች በዝተዋል፤ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና አረንጓዴ ስክራብ በየመንገዱ ይታያል። ልጆቹ ከገበያ ይገዙታል ወይም ልብስ ሰፊ ዘንድ ያሰፉታል። ከዚያ ለብሰውት ባጃጅ ይሳፈራሉ፣ ዳቦ ይገዛሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ቤት ገብተው ልጅ ያቅፋሉ። የስክራቡን ቅርጽ ወስደን ሥርዓቱን ትተነዋል ማለት ነው።

ላስፈራራችሁ አልፈልግም። ጥናቶች በነርሶች ልብስ ላይ በተለይም በኪስና በእጅጌ ጫፍ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን እንደሚገኙ አሳይተዋል። ልብሱ ራሱ በሽታውን ወደ ሌላ ሰው አስተላለፈ የሚለው ማስረጃ ግን ጥቂት ነው። ከልብስ ይልቅ ያልታጠበ እጅ ይበልጥ አደገኛ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሆስፒታሎቻቸው የሐኪም ረጅም ነጭ ጋዋን፣ የእጅ ሰዓትና ቀለበት ከክርን በታች እንዳይኖር ያደረጉት ለዚህ ነው፤ እጅ እስከ አንጓው ድረስ በደንብ እንዲታጠብ። የቀሚሴ አጭር እጅጌም፣ የልጄ ስክራብም በዚህ ፈተና ያልፋሉ። ወንዶች ባልደረቦቼ ይለብሱት የነበረው ረጅም ጋዋን ግን ይወድቃል።

ሳሙና የጠፋበት ጊዜ

ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ በትግራይ ባንክ፣ ስልክ፣ መብራትና መንገድ የተዘጋበትን ጊዜ የሚያውቅ ያውቀዋል። የጤና ባለሙያዎች ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ሠርተዋል። የአይደር ሐኪሞች ጓንት አጥበው መልሰው እንደሚጠቀሙ በወቅቱ ለዓለም ተናግረዋል። እኔ ጡረታ ወጥቼ ነበር፤ ልጄ ግን በሥራ ላይ ነበረች፣ ነፍሰ ጡርም ነበረች።

ሳሙናና በረኪና ከገበያ ጠፋ፤ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። የልጄ ስክራብ ሁለት ነበር። አንዱ ተቀደደ። ሁለተኛው ደግሞ ሆዷ ሲገፋ እምቢ አለ። ከሳጥኔ ሥር ሦስት የድሮ ነጭ ቀሚሶቼን አወጣሁ። ወገቡን ፈትቼ በእጄ አሰፋሁላት። ለማጠቢያ ወደ እንዶድ ተመለስን፤ እኛ ሽብጢ የምንለው። ፍሬውን ወቅጦ አረፋውን ማውጣት አደይ ነበረች ያስተማረችኝ። ስለ እንዶድ ከተነሳ፣ ሳይንቲስቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው እንዶድን ለዓለም ያስተዋወቁት። ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ እድፍ ያስለቅቃል። የሆስፒታል ጀርም ይገድላል ብዬ ግን አልታመንበትም። ስለዚህ ቀቀልን። በመቀሌ ከፍታ ውኃ የሚፈላው ወደ 93 ዲግሪ ላይ ነው። ልብስ ለማጽዳት ከበቂ በላይ ነው፤ እንግሊዞች የነርስ ልብስ በ60 ዲግሪ ለአሥር ደቂቃ ይታጠብ ነው የሚሉት። ከዚያ ፀሐይ፣ ከዚያ ያ የድሮው የከሰል ካውያ።

ልጄ በቀሚሴ ሥራ በሄደችበት የመጀመሪያ ቀን ማታ ስትመለስ ፈገግ ብላ ነበር። አንዲት አሮጊት ታካሚ እጇን ይዘው "ዛሬ ሲስተር መጣችልን" አሏት። ለሁለት ሳምንት ያስታመመቻቸው እሷው ነበረች፤ በስክራብ ስላዩዋት ጽዳት ሠራተኛ መስላቸው ነበር። እኔም ኩራት ተሰማኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ስትመጣ ግን ቀሚሱ ከጎኑ እስከ ጭኗ ድረስ ተተርትሮ ነበር፤ በነጠላ ሸፍናዋለች። መሬት ላይ ለወደቀ ሰው ልብ መጫን ነበረባት። በጉልበቷ ተንበርክካ ስትጫን ቀሚሱ ያዛት፤ ስፌቱን ራሷ በእጇ ቀደደችው። "ሰውየውስ?" አልኳት። "ተርፏል" አለች። ከዚያ አልቅሳ አላቆመችም። ስለ ቀሚሱ አልነበረም፤ ስለ ድካሙ ሁሉ ነው። እኔም ሌላውን ቀሚስ አውጥቼ በዚያው ሌሊት ቀድጄ ሱሪ አደረግኩት። ወገቡን በገመድ፣ ሆድ እንዲችል። ሦስተኛው ተቆርጦ ተቀቅሎ ሆስፒታል ሄደ፤ ፋሻ እጥረት ነበርና። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም ከሦስቱ ቀሚሶቼ የቀረኝ ቀበቶው ነው።

ታዲያ የቱ ይሻላል?

ይህን ከመጻፌ በፊት የቀድሞ ባልደረቦቼንና የልጄን ጓደኞች ቡና ጠርቼ ጠየቅኳቸው። ወጣቶቹ ያለ ክርክር ስክራብ አሉ፤ ኪሱ ብዙ ነው፣ ያሮጣል፣ ለሴትም ለወንድም አንድ ነው። አንዷ ነፍሰ ጡር ግን "ሱሪ ሆዴን ይይዘኛል፣ ቀሚስ ቢፈቀድልኝ" አለች። ሂጃብ የምትለብሰዋ ልጅ ረዘም ያለ ሸሚዝና እጅጌ እንደሚመቻት፣ እጅጌውን ግን ሥራ ላይ እንደምትሰበስብ ነገረችኝ። በእኔ ዕድሜ ያሉት አብዛኞቹ ቀሚስ አሉ። አንዷ ብቻ ሳቅ ብላ "ቀሚሱን የምንወደው ስለማንለብሰው ነው" አለች። ሁላችንም ዝም አልን።

የስክራብ ጉድለት የላቸውም ማለት አይደለም። አንገቱ በጣም ከተከፈተ ጎንበስ ሲሉ ያሳፍራል። ጥቁርና ወይን ጠጅ ቀለም እድፍን ይደብቃል፤ ነጭ ግን ይናገራል፣ ሂጂ ቀይሪኝ ይላል። ሁሉም አንድ ዓይነት ሲለብስ ደግሞ ታካሚው ማን ማን እንደሆነ አያውቅም። ለዚህ መድኃኒቱ ወደ ቀሚስ መመለስ ሳይሆን፣ ስምና ሙያ በትልቅ ፊደል የተጻፈበት ባጅ ደረት ላይ ማድረግና "ስሜ እገሌ ይባላል፣ ነርስ ነኝ" ብሎ መጀመር ነው። አሮጊቷ ታካሚ የፈለጉት ነጭ ጨርቅ አልነበረም፤ ማን እየነካቸው እንደሆነ ማወቅ ነው።

የእኔ ድምፅ እንግዲህ ለስክራብ ነው፤ ከሁለት ልመና ጋር። አንደኛ፣ ለነፍሰ ጡርና ቀሚስ ለሚመርጡ እንደ ፍላጎታቸው ይሰፋ። ሁለተኛ፣ የደንብ ልብሱ በየዓመቱ በጊዜው ይሰጥ፣ በሆስፒታሉም ይታጠብ። በብዙ ቦታ የደንብ ልብስ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆኗል። ነርሷ ከደመወዟ ትገዛለች፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ከልጆቿ ልብስ ጋር ታጥባለች። ቀሚስ ይሁን ስክራብ፣ ሸክሙ ቤተሰብ ላይ ከወደቀ ያው ነው።

ያ እስኪስተካከል በቤታችን የምናደርገውን ልንገራችሁ

ከተቻለ የሥራ ልብስ ሥራ ቦታ ተቀይሮ በፌስታል ታስሮ ይምጣ። ካልተቻለ ከበር ጀርባ መቀየሪያ ይኑር፤ አንድ ጋቢና አንድ መንጠቆ ይበቃል። ጫማ ደጅ ይቅር። እጅ እስከ ክርን በሳሙና ይታጠብ፤ ስልክና ባጅም ይወልወሉ፣ ከኪስ ወደ ሕፃን እጅ የሚሄደው ስልክ ነውና። ልጅ ማቀፍና ማጥባት ከዚህ በኋላ ነው።

የሥራ ልብስ የራሱ ሳፋ ይኑረው፤ ከሕፃን ልብስ ጋር አይነከር። ደም የነካው መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይለቅለቅ፣ ሙቅ ውኃ ደሙን ያደርቀዋል። ቀጥሎ ልብሱ የሚችለውን ያህል ሙቅ ውኃና ሳሙና፣ ከዚያ ፀሐይ፣ ከዚያ ካውያ። በረኪና ለነጭ ብቻ ነው፤ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። እንዶድ የምትጠቀሙም ከልጆች ዓይንና አፍ አርቁት።

አያቶች ደግሞ አትፈሩ፤ ተናገሩ። ልጃችሁ ዲግሪ ቢኖረውም በር ላይ አቁሙት። እኔ አደይን ባለመስማቴ የከፈልኩትን እናንተ እንድትከፍሉ አልፈልግም።

ትናንት ማታ ባጃጁ ሲቆም የልጅ ልጄ እንደ ልማዷ ሮጠች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ራሷ ቆመች። ከመንጠቆው ጋቢውን በሁለት እጇ አወረደችና እናቷን "መጀመሪያ ቀይሪ" አለቻት። ልጄ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። እኔ ምንም አልተናገርኩም።